የአክስቴ ቢላዋ እና የሲያትል ሕግ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቢላዋ ነው። አትደንግጡ፤ ማንንም አልወጋሁም፣ ማንም አልወጋኝም። ግን ያለፈው ፋሲካ ከቁርጥ ግብዣ ይልቅ ፖሊስ ጣቢያ ልውል ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ ቢላዋ ሕግ ያላነበብኩት የለም ማለት ይቻላል። ጠበቃ አይደለሁም። ጋዜጠኝነት ተምሬ ማታ ማታ መኪና ማቆሚያ የምጠብቅ ልጅ ነኝ። የምነግራችሁም ያነበብኩትንና የደረሰብኝን ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው።

አክስቴ አንድ ቢላዋ አላት። ከመርካቶ ነው የገዛችው፣ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ፣ እጀታው ቀንድ። ከብዙ ዓመት በፊት ወደ አሜሪካ ስትመጣ በሻንጣዋ ከበርበሬና ከሽሮ መሀል ሸጉጣ አምጥታዋለች። ሲያትል ውስጥ የትም ቤት ቁርጥ ይቆረጥ፣ ያለዚህ ቢላዋ አይቆረጥም። ሌላውን ቢላዋ ሁሉ «ፕላስቲክ» ነው የምትለው።

የፋሲካ ዕለት አክስቴ ዶሮ ወጡንና ድፎውን መኪና ላይ ጭና ጃክሰን መንገድ አካባቢ ወዳሉት ዘመዶቻችን ቀድማ ሄደች። እኔ ከሌሊት ሥራ ገብቼ ተኝቼ ነበር። ስልኩ አነቃኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ቢላዋዬን ረሳሁት! ሥጋው ተሰቅሎ ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚያየው። ቶሎ ይዘሽልኝ ነይ!»

ተነሳሁ። ቢላዋውን የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ወረቀት ጠቅልዬ ፌስታል ውስጥ ከተትኩና ሬይነር መንገድ ወጥቼ 7 ቁጥር አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የሐበሻ ቀሚስ ለብሻለሁ፣ ከላይ ካፖርት ደርቤያለሁ። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ስለ ቁርጡ ሳስብ፣ ልጅ የያዘች አንዲት ሴትዮ ከፊቴ ተነስታ ወደ ኋላ ሄደች። ሄዳ ብቻ ዝም አላለችም፣ ዞር እያለች ታየኛለች። እኔ በሆዴ «ምን ሆነች ይቺ ደግሞ፣ ነጠላዬ አስፈራት እንዴ?» ብዬ ተቀየምኳት።

የቢላዋው ጫፍ ወረቀቱንም ፌስታሉንም በስቶ፣ ጣት የሚያህል ወጥቶ ጉልበቴ ላይ ያበራ ነበር። እኔ አላየሁትም።

ስወርድ ፌርማታው ላይ ፖሊስ ቆሟል። ሴትዮዋ ትደውል፣ ሾፌሩ ይደውል፣ ወይም እንዲያው በአጋጣሚ ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እጄን ከፌስታሉ እንዳነሳ ነገረኝና ጠየቀኝ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቢላዋ።»

«ለምንድን ነው የያዝሽው?»

እዚህ ላይ ምላሴ ተያዘ። ሁለት መልስ ነበረኝ። አንደኛው እውነቱ ነው፤ ጥሬ ሥጋ ልንበላ ነው። ይህን ለአሜሪካ ፖሊስ መናገር አሳፈረኝ፣ የባሰ አውሬ የምመስል መሰለኝ። ሁለተኛው የአጎቴ ልጅ ያስጠናኝ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ አሜሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያውቃታል። «ማንም ቢጠይቅሽ ራሴን ለመከላከል ነው በዪ። እዚህ አገር መብት ነው» ብሎኛል። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። «ራሴን» ልል ስል ድንገት የአክስቴ ፊት ድቅን አለብኝና «በዓል ነው፣ ሥጋ፣ አክስቴ» አልኩት። በቃ፣ እነዚህን ብቻ።

ቀሚሴን አየ፣ ቢላዋውን አየ። መልካም በዓል አለኝና በደንብ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አድርጌ ነው መያዝ ያለብኝ ብሎ አሰናበተኝ። ጎረምሳ ፖሊስ ነው፣ ክፉ አልነበረም። እኔ ግን ጉልበቴ ተንቀጥቅጦ ቁርጡን እንኳ በወጉ አልበላሁትም።

የዚያን ዕለት ማታ ነው ትልቁን ነገር ያወቅሁት።

ትምህርት ቤት እያለን መምህሮቻችን ስድስት ጥያቄ ነበር የሚያስለፈልፉን፦ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት። ሥራ አላገኘሁበትም እንጂ ትምህርቱስ አልጠፋኝም። ኮምፒውተሬን ከፍቼ የሲያትልን ደንብና የዋሽንግተን ስቴትን ሕግ (ዲሲን አይደለም፣ ሲያትል ያለችበትን ስቴት ነው የምላችሁ) ማንበብ ስጀምር ሕጉም ቢላዋን እነዚያኑ ጥያቄዎች ነው የሚጠይቀው።

ምን? የሲያትል ከተማ ደንብ «አደገኛ ቢላዋ» የሚለው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የማይታጠፍ ቢላዋ ሁሉ ነው፣ ርዝመቱ ምንም ይሁን ምን። ሁለተኛው ስለቱ ከ3.5 ኢንች፣ ማለትም ከ9 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚበልጥ ማንኛውም ሌላ ቢላዋ ነው። ልብ በሉ፣ የአክስቴ ቢላዋ ቀርቶ የሽንኩርት መላጫዋም የማትታጠፍ ናት። ይህን ዓይነቱን ቢላዋ በላይህ ይዘህ መዞር፣ ተሸፍኖም ሆነ ሳይሸፈን፣ ክልክል ነው።

እንዴት? መውጫው እዚህ ላይ ነው። በደንብ ተጠቅልሎ ወይም የዕቃ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ከገዛህበት ወደ ቤትህ፣ ከቤትህ ወደ ሥራህ፣ ወይም ለማሳል ስትወስደው ይፈቀዳል። ሥራው ቢላዋ የሚጠይቅ ሰው፣ አዳኝና ዓሣ አጥማጅም የየራሳቸው ፈቃድ አላቸው። የእኔ የማስታወቂያ ወረቀት ግን «በደንብ የተጠቀለለ» እንዳልነበረ ጉልበቴ ምስክር ነው።

የት? ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ መጠጥ ቤት እንደየስቴቱ ተጨማሪ ክልከላ አላቸው። የፌደራል መሥሪያ ቤት ደግሞ በየትም ስቴት ቢሆን ከ2.5 ኢንች ያነሰች የኪስ ሰንጢ ካልሆነች በቀር መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ለዜግነት ቃለ መጠይቅ የምትሄዱ፣ ቁልፋችሁ ላይ ያለችውን ሁሉ ቤት አስቀምጡ።

ለምን? እዚህ ጋ ስደርስ ነው ላብ ያሰመጠኝ።

ሲያትል ውስጥ አንድ ክስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ሰው በፍጥነት ሲነዳ ፖሊስ ያስቆመዋል። መሣሪያ ይዘሃል ወይ ሲባል ኪሴ ውስጥ ቢላዋ አለ ይላል። የወጣችው ማእድ ቤት አትክልት የምንልጥባት ዓይነት ትንሽ ቢላዋ ናት። ተከሰሰ፣ ጥፋተኛ ተባለ። ሰውየው ይግባኝ ብሎ ሕገ መንግሥቱ ራሴን ለመከላከል መሣሪያ እንድይዝ ይፈቅድልኛል አለ። ነገሩ እስከ ስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2015 መጨረሻ ዳኞቹ 5 ለ 4 ተከፍለው ፈረዱበት። ምን ብለው መሰላችሁ? የአትክልት ቢላዋ የማእድ ቤት ዕቃ ናት እንጂ ሕገ መንግሥቱ የሚጠብቃት «የጦር መሣሪያ» አይደለችም ብለው! መሣሪያ ብትሆን ኖሮ መብት አለኝ ብሎ ይከራከርባት ነበር። ዕቃ በመሆኗ መብት የላትም፣ ከተማው ሊከለክላት ይችላል።

እንግዲህ አስቡት። የአጎቴ ልጅ ያስጠናኝን መልስ ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ፣ ለበዓል ይዤው የወጣሁትን የሥጋ ቢላዋ በገዛ አፌ የጠብ ዕቃ አደርገው ነበር። መብትም አያስገኝልኝም፣ ጥርጣሬን ግን ያመጣልኛል። እኛ ስንባል ደግሞ ፖሊስ ሲጠይቀን ወይ ከሚያስፈልገው በላይ እናወራለን፣ ወይ ፈርተን የማናምንበትን እንናገራለን። የሚያሳፍረን እውነት ብዙ ጊዜ የተሻለው መልስ ነው። አልናገርም ማለትም መብት ነው። ያልሆነውን መናገር ግን ራስን መክሰስ ነው።

ሌላም አለ። የስቴቱ ሕግ ቢላዋን ሰውን በሚያስፈራራ ወይም በሚያስደነግጥ አኳኋን መያዝን ወይም ማሳየትን ለብቻው ይከለክላል። ይህን ሳነብ ያቺን ሴትዮ አስታወስኳት። በነጠላዬ የተጸየፈችኝ መስሎኝ ተቀይሜያት ነበር። ለካ ልጇን ይዛ ከራቁት ስለት ነው የሸሸችው። እኔ በሷ ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር? እኔም እነሳለሁ። ምናልባትም እደውላለሁ።

ይህን ሁሉ አንብቤ ኮምፒውተሬን ልዘጋ ስል ነው ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ያለው ትዝ ያለኝ።

የሌሊት ሥራ ስጀምር የአጎቴ ልጅ አንዲት ሰንጢ ሰጥቶኝ ነበር። ጥቁር፣ ቀላል፣ የምታምር። ጎኗ ላይ ያለችውን ቁልፍ ስትጫኑ ቷ! ብላ ትከፈታለች። ቴክሳስ ከአንድ የጭነት መኪና ማረፊያ ነው የገዛት። «ሌሊት ብቻሽን ነሽ፣ እኔ ደግሞ መንገድ ላይ ነኝ» ብሎ እጄ ላይ ሲያስቀምጣት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከኪሴ ወጥታ አታውቅም። ያ ፖሊስ የአክስቴን ቢላዋ ሲመለከት እሷ ከቁልፌ ጋር ኪሴ ውስጥ ነበረች።

የዋሽንግተን ስቴት ሕግ በስፕሪንግ የምትከፈት ሰንጢን መያዝ ብቻ አይደለም፣ እንዲኖርህም አይፈቅድም። ከፖሊስ፣ ከእሳት አደጋና ከወታደር በስተቀር ማንም፣ መሳቢያ ውስጥም ቢሆን። ቅጣቱ እስከ 364 ቀን እስራት ነው።

ለምን 364? ለምን ሙሉ ዓመት አልሆነም? ይህቺ አንዲት ቀን ታሪክ አላት። የፌደራል የኢሚግሬሽን ሕግ አንዳንድ ወንጀሎችን የሚመዝነው በተፈረደው የእስራት ዘመን ነው፤ አንድ ዓመት ከሞላ፣ ቅጣቱ የታገደ እንኳ ቢሆን፣ ግሪን ካርድ የያዘን ሰው ሊያስባርር ይችላል። ስለዚህ የዋሽንግተን ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 የዚህን ደረጃ ወንጀሎች ጣሪያ ከ365 ወደ 364 አወረደው። አንዲት ቀን ለእኛ ብጤው ተቀነሰች። እኔ ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ሕግ አውጪዎች እንደኛ ያለውን ሰው አስበው አንዲት ቀን ሲቀንሱ፣ እኔ ደግሞ የዲቪ ዕድሌን ኪሴ ውስጥ በስፕሪንግ ወጥሬ እዞራለሁ።

ሌሊቱኑ ለአጎቴ ልጅ ደወልኩለት።

«አንተ፣ የሰጠኸኝ ሰንጢ እኮ እዚህ ክልክል ናት!»

ሳቀ። «እንዴት ያለሽ ፈሪ ነሽ! ሰው ሽጉጥ ታጥቆ በሚሄድበት አገር ስለ ሰንጢ ታወሪያለሽ? ቴክሳስ በጠራራ ፀሐይ ነው የሚሸጡት።»

እውነቱን ነው፣ ይሸጣሉ። ክፋቱም ይኸው ነው። ቴክሳስ የስፕሪንግ ሰንጢን ክልከላ በ2013 አንስታለች። በ2017 ደግሞ ለአዋቂ ሰው ረጃጅሙንም ፈቀደች፤ ስለቱ ከ5.5 ኢንች የበለጠውን እንደ ትምህርት ቤትና መጠጥ ቤት ባሉ ቦታዎች ብቻ ነው የከለከለችው። ያው የአጎቴ ልጅ ያቺኑ ሰንጢ መኪናው ጋቢና ውስጥ ይዞ ካሊፎርኒያ ሲገባ ስለቷ 2 ኢንች ከሞላ ጥፋተኛ ነው። ኦሪገን ሲደርስ የዚያ ስቴት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 ይህቺ ሰንጢ በሕገ መንግሥታችን የተጠበቀች መሣሪያ ናት ብሎ ፈርዷል፤ ደብቆ መያዝ ግን ክልክል ነው። ድልድዩን ተሻግሮ ዋሽንግተን ሲገባ ከናካቴው እንድትኖረው አይፈቀድም። ሰንጢዋ ያው ናት፣ ኪሱም ያው ነው። የተለወጠው ከጎማው በታች ያለው መሬት ነው።

ዲሲ አካባቢ ያላችሁም አትሳቁብን። ሜሪላንድ ተራ የኪስ ሰንጢ ደብቆ መያዝን ትፈቅዳለች፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ግን ምንም ዓይነት ቢላዋ አትወድም። ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ስትገቡ ከ3 ኢንች ያነሰች ተጣጣፊ ሰንጢ ትምህርት ቤት ግቢም ብትገባ አትከለከልም። ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ልጅ ለማድረስ የሚመላለስ ሰው በአንድ ጠዋት ንጹሕም ጥፋተኛም ሊሆን ይችላል።

ሕጉ ራሱም አንድ ቦታ አይቆምም። ኒውዮርክ ውስጥ ፖሊስ በእጅ ውርወራ የሚከፈት ቢላዋ ሁሉ ክልክል ነው እያለ ለዓመታት የሥራ ሰው ሲያስር ኖሯል። በ2013 የታሰረ አንድ የምግብ ቤት ሠራተኛ ተሟግቶ በ2019 የፌደራል ዳኛ ፈረደለት፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ስቴቱ ሕጉን ሻረው። በ2024 የማሳቹሴትስ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የስፕሪንግ ሰንጢን ክልከላ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ አፍርሷል። አንድ ቀን የእኛም ስቴት ይለወጥ ይሆናል። እስከዚያ ግን የማሳቹሴትስ ፍርድ ሲያትል ላይ ማንንም አያስፈታም።

ይህን ሁሉ በስልክ ዘረዘርኩለት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ። «ለአንቺ ብዬ ነው እኮ! ሌሊት አንድ ነገር ብትሆኚ እናትሽን ምን እላታለሁ?» አለኝ። ምን ይመልሱለታል? ፍቅር ነው የሰጠኝ። ፍቅር ደግሞ ሕግ አንብቦ አይመጣም።

«የዜግነት ፎርም እየሞላህ አይደል? ታስረህ ወይም ተከሰህ ታውቃለህ የሚለውን ጥያቄ አንብበኸዋል?» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ ዘጋብኝ።

ሁለት ሳምንት አልደወለልኝም። ሰንጢዋ የአክስቴ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተኝታ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። አውጥቼ ልጥላት እልና፣ ለመጣልም ይዣት መውጣት አለብኝ። ለሰው ብሰጣት ችግሬን ለሰው መስጠት ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ሳይደውል መጣ። አክስቴን ሳመ፣ እኔን በግንባሩ ብቻ ሰላም አለኝና ከኪሱ መፍቻ አወጣ። የራሱንም ሰንጢ ይዞ ነው የመጣው። «ይኸው ለመጨረሻ ጊዜ ነው የያዝኳት» አለ። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ሁለቱንም ብሎን በብሎን ፈታቸው። ስፕሪንጎቹን አውጥቶ በፒንሳ ቆረጣቸው፣ ስለቶቹን ሰበራቸው። አክስቴ ቡና እያፈላች ታያለች። ተፈትተው ጋዜጣው ላይ ሲበተኑ ከሰዓት ዕቃ የማይበልጡ ቁርጥራጮች ናቸው፣ ምንም አያስፈሩም።

«ጥያቄውን አነበብኩት» አለኝ ቡናውን እየጠጣ። ሌላ አልጨመረም። እኔም አልጨመርኩም። ሌሊት የምፈራው ፍርሃት ግን አብሮ አልተፈታም፤ አለ። አሁን ከሥራ ስወጣ መንገድ ላይ ካልሆነ እሱ ይወስደኛል፣ መንገድ ላይ ከሆነ እስከ አውቶቡሱ ድረስ በስልክ ያወራኛል።

የአክስቴ ቢላዋስ? አለች፣ ደህና ናት። የአጎቴ ልጅ ቀይ የብረት ዕቃ ሳጥን ገዛላት። በቀደም አንድ ክርስትና ላይ ሳጥኑን አንጠልጥዬ ስገባ አንድ አዛውንት «ቧንቧ ልትሠሪ ነው እንዴ የኔ ልጅ?» ብለው ቤቱን በሳቅ ገደሉት። እኔም ስቄ ሳጥኑን ከፈትኩ፣ በፎጣ የተጠቀለለውን አውጥቼ ለአክስቴ ሰጠኋት።

እናንተም ወዳጆቼ፣ ቢላዋችሁን ይዛችሁ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት የምትሄዱበት ከተማና ስቴት ምን ብሎ እንደሚጠራት እዩ። አጠቃሏችሁንም፣ መልሳችሁንም አዘጋጁ። ቸር እንሰንብት።